መጦሪያ ላሉ እናት ወይም አባት ከግሉተን ነፃ ምግብ እንዴት ይደራጃል? ለሰሜን ሸዋ ቤተሰቦች

ጤፍ ግሉተን የለውም። ሐኪሙ «ስንዴና ገብስ ይተዉ» ሲል ብዙ ቤተሰብ «ድሮስ እንጀራ አይደል የሚበሉት» ብሎ እፎይ የሚለው ለዚህ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ግን ነገሩ እንዲህ አይቀልም። ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ፣ ከጣርማበር እስከ አንኮበር ደጋው የገብስ አገር ነው። እንጀራው ላይ ገብስ ይቀላቀላል፤ ጠላው በብቅል ይጠመቃል፤ ቁርሱ ቂንጬ ወይም የገብስ ገንፎ ነው፤ ለደከመ ሰው የሚፈላው አጥሚትም የገብስ ነው። ጠያቂ በፌስታል ይዞ የሚመጣው ደግሞ ዳቦና ቆሎ ነው። እናት ወይም አባት መጦሪያ ሲገቡ እነዚህ ሁሉ በማያውቋቸው እጆች በኩል ይመጣሉ።

ግሉተን በስንዴና በገብስ (እኛ አገር በማይዘወተረው ራይ በሚባል እህልም) ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ሴሊያክ የሚባል በሽታ ያለበት ሰው ሲበላው የገዛ መከላከያ ኃይሉ ተነሥቶ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ይጎዳል። ምግብ የሚመጥጠው የአንጀት ገጽ ስለሚሸረሸር ብረት፣ ካልሲየም፣ ፎሊክ አሲድና ቫይታሚን ዲ እንደ ልብ አይገቡም። በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ተቅማጥ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። በሽታው ራሱን የሚገልጠው በብረት ኪኒን አልሻሻል ባለ ደም ማነስ፣ ያለ ምክንያት በሚወርድ ክብደት ወይም በትንሽ አወዳደቅ በተሰበረ አጥንት ሊሆን ይችላል። «እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፈውም ስለዚህ ነው።

መጠኑን በቁጥር ማወቅ ይጠቅማል። አብዛኛው ሕመምተኛ በቀን እስከ 10 ሚሊ ግራም ግሉተን ሳይጎዳ ይችላል ተብሎ ይታመናል። 30 ግራም በምትመዝን አንድ ቁራሽ የስንዴ ዳቦ ውስጥ ወደ 2 ግራም ግሉተን አለ። ስለዚህ የቁራሿ 200ኛ እጅ፣ ማለትም ከሞሰብ ጥግ የሚገኝ ፍርፋሪ፣ የቀኑን መጠን ይሞላል። «ትንሽ ብትቀመስ ምን ታደርጋለች» ለሚል ሁሉ መልሱ ይህ ነው።

አመጋገቡን ከመቀየራችሁ በፊት ምርመራው ይለቅ። የደም ምርመራው ቲቲጂ አይጂኤ ይባላል፤ አብሮት ጠቅላላ አይጂኤ (በደም ውስጥ ያለ የመከላከያ ፕሮቲን) መታየት አለበት፤ ምክንያቱም አይጂኤ በተፈጥሮ ያነሰው ሰው በሽታው እያለበት ውጤቱ ነፃ ሊመስል ይችላል። ማረጋገጫው በአብዛኛው በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ከአንጀት የሚወሰድ ናሙና ነው። ሰውየው ስንዴና ገብስ ካቆሙ ሳምንታት ካለፉ ሁለቱም ምርመራዎች ሊያሳስቱ ይችላሉ። «እስቲ አቁመን እንየው» የሚለው ምክር በኋላ ብዙ ያስከፍላል። ጃርዲያም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያመጣ የሰገራ ምርመራው አይዘለል።

እንጀራውን ከሥሩ ማጥራት

ድካማችሁ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይዋል ቢባል እንጀራው ላይ ይዋል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የሚበላ እሱ ነው፤ እሱ ካልጠራ የሌላው ጥንቃቄ ከንቱ ነው።

የገበያ እንጀራ አትግዙ። ሻጯ ሐሰተኛ ስለሆነች አይደለም፤ ለማለስለስና ዋጋ ለመቀነስ ስንዴ፣ ገብስ ወይም ሩዝ መቀላቀል የተለመደ ስለሆነ ነው። ጤፉን ከታወቀ ቦታ በፍሬው ግዙ፤ ከምንጃርም ይምጣ ከሞረትና ጅሩ፣ ነጭም ይሁን ሰርገኛ ወይም ቀይ፣ ልዩነት የለውም። አንድ አረጋዊ በቀን አንድ ወይም አንድ ተኩል እንጀራ ቢበሉ፣ ከ1 ኪሎ ዱቄት እንደ ምጣዱ ስፋት ከ5 እስከ 7 እንጀራ ስለሚወጣ፣ በወር ከ8 እስከ 10 ኪሎ ይበቃል።

ጤፍ የሚወቃበት አውድማ ስንዴና ገብስም የሚወቃበት ነው፤ ስለዚህ ፍሬው ይነፋ። የጤፍ ትንሽነት እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። ዱቄት ተነፍቶበት በማያውቅ አዲስ የጤፍ ወንፊት ሲነፋ ጤፉ ይወርዳል፤ የገብሱና የስንዴው ፍሬ ከገለባው ጋር ከላይ ይቀራል። ከላይ የቀረውን ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ እዩት። አሥር ኪሎ ተነፍቶ አምስት ስድስት የገብስ ፍሬ ከተገኘ ጤፉን ድገሙት፤ እፍኝ ከሞላ ሻጭ ቀይሩ።

ወፍጮ ቤት ከሁሉም የከፋው ቦታ ነው። ድንጋዩ ቀድሞ የተፈጨውን እህል ይዞ ይቀራል፤ ከፊታችሁ ስንዴ ያስፈጨ ሰው ካለ ዱቄቱ በእናንተ የመጀመሪያ ኪሎዎች ውስጥ ይገባል። ለጤፍ ብቻ የተለየ ወፍጮ ያለውን ቤት ፈልጉ። ከሌለ፣ ብዙ ጤፍ ካስፈጨ ሰው ቀጥሎ ግቡ። 15 ኪሎ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚወርደውን 5 ኪሎ ለብቻ ተቀበሉና ለሌላው ቤተሰብ ይዋል፤ የቀረው 10 ኪሎ ለእናታችሁ ይሁን። ከፈጨ በኋላ ወፍጮ ሠሪው ከወፍጮው አፍ ላይ ጠርጎ የሚጨምረውን አትቀበሉ። ስንዴ ይዞ የነበረ ማዳበሪያም አትጠቀሙ፤ ቢራገፍም ከስፌቱ ውስጥ አይወጣም። አቅም ካለ ለዚህ ጤፍ ብቻ የምትውል ትንሽ የቤት መፍጫ መግዛት ከሁሉ ይሻላል።

የድሮው እርሾ አይሆንም፤ ገብስ ከተቀላቀለበት ሊጥ የመጣ ነው። አዲስ ጀምሩ። 1 ኪሎ ዱቄት ወደ አንድ ሊትር ተኩል በሚጠጋ ለብ ያለ ውሃ በአዲስ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ በደንብ ታሽቶ ይከደን። በደብረ ብርሃን ብርድ ለመብላላት 4 ወይም 5 ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ምድጃ አጠገብ ካደረጋችሁት ይፈጥናል። ላዩ ላይ የጠለለው ውሃ ይደፋ። ከሊጡ አንድ ጭልፋ ወስዳችሁ በሦስት ጭልፋ የፈላ ውሃ ላይ እያማሰላችሁ አብሲት ጣሉ፤ በረድ ሲል መልሱትና ኩፍ ሲል ጋግሩ። ለቀጣዩ ጊዜ የሚሆነው እርሾ ስም በተጻፈበት ጠርሙስ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ጋገራ ዓይኑ ቢያንስ ወይም ቢጎመዝዝ አትደንግጡ፤ እርሾው በሁለተኛውና በሦስተኛው ይስተካከላል።

ምጣዱም አዲስ ይሁን። የሸክላ ምጣድ ቀዳዳማ ነው፤ አምባሻና ቂጣ ሲጋገርበት የኖረውን በማጠብ ማጥራት አይቻልም። አዲሱ በጎመን ዘር ይሟሽ፤ ማሰሻው ጨርቅም የራሱ ይሁን። ብዙ ሰው ምጣዱን ለይቶ ማሰሻውን ይረሳል። ለጊዜው አዲስ መግዛት ካልተቻለ ከዚህ በፊት የጤፍ እንጀራ ብቻ የተጋገረበትን ፈልጋችሁ የእናታችሁን አስቀድሙ፤ ይህ ግን መሸጋገሪያ እንጂ መፍትሔ አይደለም።

የሚቻል ከሆነ እንጀራው ከቤተሰብ ቤት ተጋግሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ መጦሪያው ይግባ። የመጦሪያው ወጥ ቤት ለመቶ ሰው እየጋገረ ለአንድ ሰው ምጣድ ለይቶ ይያዝ ማለት፣ በቅን ልብ ቢቀበሉት እንኳን፣ ሥራ የበዛ ቀን የሚፈርስ ውል ነው።

ከመጦሪያው ጋር መስማማት

ከአስተዳዳሪው ብቻ ተነጋግራችሁ አትመለሱ። ድስቱን የምትይዘው ወጥ ሠሪዋ ናት፤ ጉርሻውን የሚያጎርሰው ተንከባካቢው ነው፤ ሌሊት «ራበኝ» ሲሉ ብስኩት የሚሰጠው የሌሊት ተረኛው ነው። ሦስቱንም አግኟቸው። የሐኪሙ ወረቀት ፎቶ ኮፒ በማኅደራቸው ይግባ። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ በትልቅ ፊደል የተጻፈ አንድ ገጽ ይለጠፍ፤ ከአንድ ገጽ በላይ ማንም አያነብም። ለምሳሌ እንዲህ፦

«እማማ (ስም) ስንዴና ገብስ በፍርፋሪ መጠን እንኳን ያማቸዋል።
አይስጧቸው፦ ዳቦ፣ አምባሻ፣ ቂንጬ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ብስኩት፣ ሳምቡሳ፣ አጃ፣ የገብስ ሾርባና አጥሚት፣ ጠላ፣ ቅራሪ፣ ቢራ፣ ማልት።
ይስጧቸው፦ ቢጫ ክዳን ባለው ሞሰብ ያለውን እንጀራ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ እንቁላል፣ ወተት፣ እርጎ፣ ሥጋ፣ ምስር፣ አተር፣ አትክልትና ፍራፍሬ።
ወጣቸው በራሳቸው ድስትና ማማሰያ ይሠራ። ከተጠራጠሩ አይስጡ፤ ይደውሉ፦ (ስልክ)።»

አጃ ዝርዝሩ ውስጥ የገባው በሁለት ምክንያት ነው። በአንዳንድ ገበያ አጃ ተብሎ የሚሸጠው የስንዴ ዓይነት ነው፤ በሌላው ደግሞ ራሱ ግሉተን ባይኖረውም ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ የሚበቅለው እህል ነው። ሁለቱንም ተዉ።

ለወጥ ቤቱ ራሳችሁ ገዝታችሁ አስገቡ፦ መካከለኛ ድስት፣ ማማሰያ፣ ጭልፋ፣ ሳህን፣ ኩባያ፣ ማንኪያና ክዳን ያለው ሞሰብ። ሁሉም በአንድ ቀለም ይሁኑ፤ ማንበብ ለማይችል ሠራተኛም ቀለሙ ይናገራል። ሞሰቡ ከዳቦው መደርደሪያ በላይ ይቀመጥ፤ ከሥር ከሆነ ፍርፋሪ ይወርድበታል። የእንጨት ማማሰያ ከጋራው ጋር ከተቀላቀለ ጣሉት እንጂ አጥባችሁ አትመልሱት።

ሽሮና በርበሬም ከቤት ይሂድ። ሽምብራው ወይም አተሩ የገብስ ቆሎ ከሚታመስበት ብረት ምጣድ ላይ ከተቆላ፣ ወይም ስንዴ ከወጣ ወፍጮ ከተፈጨ፣ ጥፋቱ ከዳቦ አይለይም። ወጥ ቤት ውስጥ የሚጠየቁት ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ ወጡን ወይም ሾርባውን ለማወፈር ዱቄት ይበጠበጣል ወይ? የሾርባ ኪዩብ ይገባል ወይ? ሳምቡሳ የተጠበሰበት ዘይት ለድንቹ ይደገማል ወይ? የመጨረሻው ላይ ብዙ ጊዜ መልሱ «አዎ» ነው።

ማዕድ ላይ ለብቻ ማስቀመጥ ቀላሉ መንገድ ይመስላል፤ ለአረጋዊ ግን ከባድ ቅጣት ነው። በአንድ ትሪ መብላትና መጎራረስ የለመዱ ሰው ጥግ ይዘው ብቻቸውን ሲቀመጡ መብላታቸው ራሱ ይቀንሳል። መንገዱን ገልብጡት፤ ሌሎቹ ወደ እርሳቸው ትሪ ይምጡ። የሚቀርቧቸው አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ከንጹሑ የጤፍ እንጀራና ከንጹሑ ወጥ አብረው ይብሉ፤ ለአንድ ሰው በወር እስከ 10 ኪሎ ጤፍ ቢጨምር ነው። እጅ ታጥቦ ይቀረባል፤ ከሌላ ትሪ ጉርሻ አይመጣም። የመርሳት ችግር ያለባቸው ከሆኑ ግን ከጎረቤት ሳህን ማንሳታቸው አይቀርምና ቀድመው ይብሉ፤ ዳቦ ሲታደልም ተንከባካቢ አጠገባቸው ይሁን።

ከውጭ የሚመጣው

መጦሪያ ውስጥ ትልቁ አደጋ የደግ ሰዎች ምግብ ነው። ልደት፣ ሠርግ፣ ሙት ዓመት ወይም ተዝካር ያለው ቤተሰብ አረጋውያኑን ሊመግብ በድስትና በመሶብ ተጭኖ ይመጣል፤ የዚያን ቀን የወጥ ቤቱ ሥርዓት አይሠራም። እንግዶች ከመግባታቸው በፊት ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ የራሳቸው ምግብ ይቅረብላቸው፤ ሲመጡም «አባባ በልተዋል፣ ብርቱካን ይስጧቸው» ይባል። እምቢ ማለት የሚከብድ ባህል ስላለን መተኪያውን አብሮ መናገር ይረዳል። ለጠያቂ ዘመዶችም አስቀድማችሁ ንገሩ፦ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶ፣ እንቁላል፣ ማር፣ ወተት።

የዓመቱን አደገኛ ቀኖች ቀን መቁጠሪያ ላይ አስምሩ። በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ይቀቀላል፤ ስንዴና ባቄላ አብረው ናቸውና ከላዩ ባቄላውን ለቅሞ መስጠት አይሆንም። ባቄላ ወይም ሽምብራ ብቻ በሌላ ድስት ቀቅሉላቸው። በቡሄ ሙልሙል፣ በገናና በፋሲካ ድፎ አለ፤ ለቅሶ ቤት ንፍሮ አለ። የዝክርና የማኅበር ዳቦ በረከት ስለሆነ «አልፈልግም» ማለት ያሳቅቃቸዋል፤ በእጃቸው ተቀብለው ለአጠገባቸው ሰው ይስጡ።

ጠላ ከጤፍም ከማሽላም ቢጠመቅ ብቅሉ የገብስ ወይም የስንዴ ነውና አይጠጣም። በመቅጠኑ አትታለሉ። ከማርና ከጌሾ ብቻ የተጣለ ጠጅና ብርዝ ግሉተን የላቸውም። አረቄ ሲወጣ ግሉተኑ ከጥንስሱ ጋር ይቀራል፤ የደም ግፊት ወይም የእንቅልፍ ኪኒን ለሚወስዱ ሰው ግን አልኮሉ ራሱ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ሐኪም ይጠየቅ።

ቅዱስ ቁርባን የሚቀበሉ ከሆነ ይህን ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ኅብስቱ የስንዴ ነው። ለብዙ እናቶችና አባቶች ከምግብ ሁሉ የሚበልጥ ጉዳይ ነው፤ ቤተሰብ ተነሥቶ «ይቅርብዎ» ሊላቸው አይገባም። በሽታውን፣ መጠኑንና የሐኪሙን ቃል ለንስሐ አባታቸው በግልጽ አስረዱ፤ ውሳኔው የእርሳቸውና የአረጋዊው ይሁን፤ የተወሰነውን ሐኪሙም ይወቅ። የጾሙን ጉዳይ አብራችሁ አንሡ። አንጀቱ ገና ያላገገመና ክብደቱ የወረደ ሰው በዐቢይ ጾም 55 ቀን ያለ ወተትና እንቁላል ሲቆይ ይጎዳል።

ምን ይብሉ

ስንዴና ገብስ ሲወጡ ባዶ የሚቀረው ቁርስ ነው። የጤፍ ገንፎ ጥርስ ለሌለው ሰው ጥሩ ነው፦ 2 ብርጭቆ ውሃ ሲፈላ 1 ብርጭቆ ዱቄት እየነሰነሱ በደንብ ማማሰል፤ በቅቤና በበርበሬ፣ በጾም በዘይት ወይም በተልባ። አጥሚት ሲያስፈልግ 3 የሾርባ ማንኪያ የጤፍ ወይም የሩዝ ዱቄት መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጥበጥ፤ ከዚያ በግማሽ ሊትር ወተት ወይም ውሃ 15 ደቂቃ ይብሰል። ቡላ ሲገኝም ይሆናል። ከቆላው፣ ከሸዋ ሮቢት በኩል፣ የሚመጣው ማሽላና ማሾም ከግሉተን ነፃ ነው፤ ማሾው ተከክቶ እንደ ምስር ይሠራል። ማሽላው ግን እንደ ጤፉ በወንፊት ስለማይለይ በእጅ ይለቀም።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ወተት ቢያስነፋቸው የተጎዳው አንጀት የወተቱን ስኳር መፍጨት አቅቶት ሊሆን ይችላል፤ እርጎ ሞክሩ፣ ከወራት በኋላ ወተቱን መልሱ። ሻይና ቡና ብረት እንዳይመጠጥ ስለሚያግዱ ከምግብ አንድ ሰዓት ይራቁ። ሰገራ ካደረቀ ውሃና የተፈጨ ተልባ ጨምሩ፤ ተልባው በወፍጮ ቤት ሳይሆን በቤት ይፈጭ።

መድኃኒት፣ ስሕተትና ክትትል

ብዙው ኪኒን የያዘው የበቆሎ ወይም የድንች ስታርች ስለሆነ አያስፈራም፤ የስንዴ ስታርች ያለበት እንዳይሆን ግን ፋርማሲስቱ ዝርዝሩን ይይ። በራሳችሁ ኪኒን አታቋርጡ። የታይሮይድ መድኃኒት፣ ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ) ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አንጀቱ ሲሻለው የሚመጠጠው መጠን ሊለወጥ ስለሚችል፣ አመጋገቡ ሲጀመር ሐኪሙ እንደገና ይለካ።

በስሕተት ከበሉ ለማስመለስ አትሞክሩ። ውሃ በብዛት ይስጧቸው፤ ተቅማጥ ከጀመረ አንድ ከረጢት ኦ አር ኤስ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጣችሁ በጥቂት በጥቂቱ አጠጡ። አረጋዊ ሰው ቶሎ ይደርቃል። ተቅማጡ አንድ ቀን ካለፈ፣ ሽንት ከቀነሰ፣ ሲነሡ ካዞራቸው፣ ደም ከታየ ወይም ንግግራቸው ከተዛባ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሽንት የሚያሸና የግፊት ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በፊት ይደወል። የበሉትን፣ ሰዓቱንና የታየውን ምልክት በደብተር ጻፉ፤ ሠራተኛ ግን አትውቀሱ፤ የተወቀሰ ሠራተኛ የሚቀጥለውን ስሕተት አይነግራችሁም።

በየወሩ በአንድ ሚዛን፣ በተመሳሳይ ልብስ ይመዘኑ። 50 ኪሎ የነበሩ ሰው በአንድ ወር 2.5 ኪሎ ከቀነሱ ቀጠሮ አይጠበቅም። የብረት፣ የቢ12፣ የፎሊክ አሲድና የቫይታሚን ዲ ምርመራ በመጀመሪያው ጉብኝት ይጠየቅ፤ የአጥንት ጥንካሬ መለኪያም ከተገኘ አብሮ ይታይ። ቲቲጂ በ6 ወርና በ12 ወር ይደገማል። ስሜታቸው በሳምንታት ሊሻሻል ይችላል፤ የአንጀቱ ግድግዳ ግን በዚህ ዕድሜ ለመጠገን 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። በዓመቱ የቲቲጂው ቁጥር ካልወረደ ወደ ሌላ ምርመራ ከመሮጣችሁ በፊት ወፍጮውን፣ ቀጥሎ ሽሮውን፣ ቀጥሎ ኪሳቸውን ፈትሹ። ከጠያቂ የተቀበሉት የገብስ ቆሎ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ሦስቱም ንጹሕ ሆነው ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከቀጠለ፣ ወይም ክብደቱ መውረዱን ካላቆመ፣ የአንጀት ስፔሻሊስት እንደገና ኢንዶስኮፒ እንዲያይ ጠይቁ።